«ጥግ ያዢ» ያሉኝ ሁሉ ተሳስተዋል፦ የሎንደን ነፃ የሳይክል ሥልጠናና ገልባጭ መኪና ጋቢና ውስጥ ያሳለፍኩት ሩብ ሰዓት

መጀመሪያ ውጤቱን ልንገራችሁ፣ የቸኮለ ይሂድ። የሳይክል ሥልጠናው፦ ከአምስት ኮከብ አራት። ገልባጭ መኪና ጋቢና ውስጥ የተቀመጥኩበት ሩብ ሰዓት፦ አምስት። ያቀረቡልን ሻይ፦ ሁለት፤ እሱንም ለብስኩቱ ብዬ ነው።

ጊዜ ያለው አብሮኝ ይቆይ።

ሥራዬ ኬር ነው። ደቡብ ሎንደን ውስጥ ከቤት ቤት እየዞርኩ አረጋውያን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ቁርስ አበላለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ካምበርዌል እጀምራለሁ። ከዚያ ዎልዎርዝ፣ ከዚያ ኬኒንግተን። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የምሄድበት ሰዓት አይከፈልበትም። አውቶብስ ስጠብቅ የሚያልፈው እያንዳንዱ ደቂቃ ከራሴ ኪስ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የዛሬ ሁለት ዓመት ሳይክል ገዛሁ። አረንጓዴ ነው፣ አሮጌ ነው፣ ከፊቱ ቅርጫት አለው። 60 ፓውንድ፣ ቁልፉን ጨምሮ።

መንዳቱን እችልበታለሁ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር ላይ ሳይክል መንዳት እንደ መራመድ ነው፤ ማን እንዳስተማረኝ እንኳ አላስታውስም። አባቴ ከኮርቻው ፊት ባለው ብረት ላይ አስቀምጦኝ በዘንባባዎቹ ሥር ወደ ገበያ ሲወስደኝ ግን ትዝ ይለኛል። እናቴ በር ላይ ቆማ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ «ጥግ ያዢ!» መኪና ከመጣ ጥግ ያዢ። ባጃጅ ከመጣ ጥግ ያዢ። ጋሪ ከመጣም ጥግ ያዢ። ጥግ መያዝ እኛ ቤት የመንገድ ሕግ ብቻ አልነበረም፤ ጨዋነትም ነበር። መሀል መንገድ ይዞ የሚሄድ ዓይን አውጣ ነው።

ይኼን ይዤ ነው ሎንደን መንገድ ላይ የወጣሁት።

ከመቀጠሌ በፊት አገር ቤት ላላችሁ አንድ ነገር ላስታውስ። እዚህ መኪና በግራ ነው የሚሄደው። መሪው ቀኝ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር ረዳት የሚቀመጥበት ወገን እዚህ ግራ ነው። ሳይክል ነጂ ጥግ ያዘ ማለትም በረዳት በኩል ሆነ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ ረዳት የለም። ሾፌሩ ብቻውን ነው።

ባለፈው መጋቢት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ኬኒንግተን አካባቢ አንድ መብራት ላይ ደረስኩ። ቀይ ነው። ከፊቴ አፈር የጫነ ገልባጭ ቆሟል። በግራው በኩል፣ በመኪናውና በእግረኛው ጠርዝ መሀል፣ አንድ ሳይክል የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። አስፋልቱ ላይ ደግሞ የሳይክል መሥመር ተቀብቷል። «ግቢ» የሚል ነው የሚመስለው። ገባሁ፤ ጥግ ይዤ።

ግማሹ ላይ ስደርስ አረንጓዴ በራ። መኪናው መጀመሪያ ወደ ቀኝ ወጣ አለ። «ተገላገልኩ፣ ወደዚያ ነው የሚሄደው» አልኩ በልቤ። ለካ ረጅም መኪና ወደ ግራ ሊታጠፍ ሲል መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይከፍታል፤ ካልከፈተ አይበቃውም። ይኼን ያኔ አላውቅም። ከዚያ ጎኑ ወደ እኔ መጣ። መኪና መጣብኝ አልልም። ግድግዳ ነው የመጣብኝ።

ከሁሉ የማስታውሰው ብሎኖቹን ነው። የኋላው ጎማ ብሎኖች ላይ ትንንሽ ቢጫ ፕላስቲኮች ተሰክተዋል፤ ጫፋቸው ሹል ነው፣ ብሎን ሲላላ እንዲያስታውቁ የሚደረጉ ናቸው። እነሱ ሲዞሩ አያለሁ። በጣም ቀስ ብለው ነበር የሚዞሩት። ክንድ በማይሞላ ርቀት። ሳይክሉን ለቀቅኩና ራሴን ወደ እግረኛው መንገድ ወረወርኩ።

ክርኔ ተላጠ። ቅርጫቱ ተጨፈለቀ። ምሳዬ፣ የማታው ሽሮ በእንጀራ፣ አስፋልቱ ላይ ተለጠፈ። ገልባጩ ታጥፎ ሄደ። ክላክስ የለ፣ ፍሬን የለ። ሾፌሩ አላየኝም። እስከ ዛሬም አያውቅም። ከቁስሉ ይልቅ ያንገበገበኝ እሱ ነው። ሰው ገጭቶህ ቢሰድብህ እንኳ አየህ ማለት ነው።

ሎንደን የገባሁት በፈረንጆቹ ኅዳር 2013 ነው። ያን ወር ቴሌቪዥኑ ሌላ ወሬ አልነበረውም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስድስት ሳይክል ነጂዎች ከተማው ውስጥ ሞተው ነበር። እንግሊዝኛው በደንብ አይገባኝም። ሥዕሉ ግን ይገባኛል፤ የቆመ አውቶብስ፣ የቆመ ከባድ መኪና፣ ነጭ ድንኳን። በኋላ ደግሞ አጥር ላይ የታሰሩ ነጭ ቀለም የተቀቡ ሳይክሎች ማየት ጀመርኩ። ጎማቸው ሳይቀር ነጭ ነው። የደረቀ አበባ ይንጠለጠልባቸዋል። ማስታወቂያ መስሎኝ ነበር። ሰው የሞተበት ቦታ ምልክት መሆኑን የነገረችኝ አብራኝ የምትሠራ ጃማይካዊት ናት። የዚያ ማክሰኞ ማታ፣ ክርኔ ላይ ፋሻ አድርጌ፣ የታየኝ የራሴ ሳይክል ነጭ ተቀብቶ ነው። ከነተጨፈለቀ ቅርጫቱ።

በማግስቱ ሥልጠናውን ፈልጌ ተመዘገብኩ።

ሥልጠናው ነፃ ነው። ሎንደን ውስጥ የሚኖር፣ የሚሠራ ወይም የሚማር ሁሉ ይችላል። ገንዘቡ ከቲኤፍኤል፣ ከከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው፤ የሚያካሂዱት ወረዳዎቹ ናቸው። እኔ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በርጀስ ፓርክ በር ላይ ተገናኘን። አሠልጣኟ ስድሳ የተጠጉ፣ ፀጉራቸው አጭር፣ ድምፃቸው የመምህር የሆነ ሴት ናቸው። ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ ሳይክሌን ገለበጡት። ንፋስ፣ ፍሬን፣ ካቴና፤ በዚህ ቅደም ተከተል። የኋላው ፍሬን ሸራ አልቆ ብረት ለብረት እየተፋጨ ነበር። «በዚህ ነው ስትሠሪ የከረምሽው?» አሉኝ። ከቦርሳቸው አዲስ ሸራ አውጥተው እዚያው ቀየሩልኝ። አልጠየቁኝም፣ ሒሳብም አልተቀበሉኝም። እዚህ ላይ አንድ ኮከብ ለብቻው ይገባቸዋል።

ከዚያ መንገድ ወጣን። እሳቸው ከኋላ፣ እኔ ከፊት። እኔ እንደ ልማዴ ጠርዙን ስሜ ልሄድ ምንም አልቀረኝም። መቶ ሜትር ሳንሄድ አስቆሙኝ።

«ለምንድን ነው እዚያ የምትሄጂው?»

«መኪና ላለማስቸገር።»

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ነጭ ጠመኔ አውጥተው አስፋልቱ ላይ አሰመሩ፤ እውነቴን ነው፣ ጠመኔ በኪሳቸው ይዘው ነው የሚዞሩት። ከጠርዙ ግማሽ ሜትር፦ ከዚህ ወዲያ ዝር አትበይ። ከቆመ መኪና አንድ ሜትር፤ በር ቢከፈት እንዳያገኝሽ። መታጠፊያ ስትደርሺ፣ መንገዱ ሲጠብ፣ መኪና በቀስታ ሲሄድ፦ መሀል። የመሥመርሽ መሀል። እዚያ ነው ሰው የሚያይሽ።

የራሳቸው ሐሳብ መስሎኝ ነበር። አይደለም። በፈረንጆቹ ጥር 2022 የተሻሻለው የእንግሊዝ የመንገድ ደንብ ውስጥ ያለ ነው። ያው ደንብ ብዙ ጉዳት ማድረስ የሚችል ብዙ ኃላፊነት አለበት ይላል፤ ከባድ መኪና ከሁሉ በላይ። የሚታጠፍ መኪና ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሳይክል ላይ መቁረጥ የለበትም ይላል። ይኼ ሲነገረኝ ያ ማክሰኞ ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ። አሠልጣኟ ግን ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሱብኝ፦ «ልክ ነሽ። ግን ያላየሽ ሰው ደንቡን ሊያከብርልሽ አይችልም።»

መሀል መንገድ መግባት ለእኔ ዓይነት ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ መናገር አልችልም። ከኋላዬ ነጭ ቫን መጣ። ጀርባዬን ላብ አጠመቀው። እግሬ በራሱ ጊዜ ወደ ጥግ ሊወስደኝ ይላል፣ አሠልጣኟ ከኋላ «መሀል! መሀል!» ይላሉ። የእናቴ ድምፅ ደግሞ «ጥግ ያዢ!» ይላል። ሁለት እናት መሀል ገባሁ። ቫኑ ጠበቀ። መንገዱ ሲሰፋ አልፎኝ ሄደ። ሰማይ አልተደፋም።

ሻይ ስንጠጣ (ያቺ ባለ ሁለት ኮከብ አይደለችም፣ እሷ ትመጣለች) አንድ ቁጥር ነገሩኝ፤ ቤት ገብቼ አረጋገጥኩት። በፈረንጆቹ 2009 ሎንደን ውስጥ 13 ሳይክል ነጂዎች ሞቱ። 10ሩ ሴቶች ናቸው። ከ10ሩ 8ቱ የሞቱት በከባድ መኪና ነው። ልብ በሉ፣ ከተማው ውስጥ ሳይክል የሚነዱት በብዛት ወንዶች ናቸው። ለምን ሴቶች ሲባል ብዙ ሰው ብዙ ይላል። አሠልጣኟ የሚሉት ግን እኔን የሚያውቁኝ ይመስላል፦ ቀይ የሚጥሰውና መሀል ገብቶ የሚያስቸግረው ልጅ ለሾፌሩ ይታየዋል፤ ይሳደባል ግን ይታየዋል። ጨዋዋ፣ መብራት የምትጠብቀው፣ ጥጓን የያዘችው፣ እሷ ናት የማትታየው።

ሥልጠናው ላይ የጎደለችው አንዷ ኮከብ የት ሄደች? ቀኑ ብርሃን ነበር። እኔ ግማሹን ዓመት በጨለማና በዝናብ ነው የምሠራው፤ ስለዚያ አንድ ቃል አልተነሳም። መመዝገቢያው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ኬር የምትሠራ አንዲት የወሎ ልጅ አለች፤ መንዳት ትችላለች፣ እንግሊዝኛው ግን ገና ነው። ቅጹን እኔ ሞላሁላት፤ ሥልጠናውን ግን እኔ ሄጄ አልሰለጥንላትም።

አሁን ወደ ገልባጩ።

አሠልጣኟ ሲሰናበቱኝ አንድ ወረቀት ሰጡኝ። «ቦታ መቀያየር» የሚሉት ዝግጅት ነው። የሎንደን ፖሊስ ያስጀመረው ሐሳብ ነው፤ አሁን ሌሎችም ያዘጋጁታል። ከባድ መኪና አደባባይ ላይ ያቆማሉ፣ ሳይክል ነጂውን ሾፌሩ ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። በቃ ይኼው ነው። ቀጠሮም ፈተናም የለውም። እኔ የሄድኩት አንድ የግንባታ ቦታ በር ላይ ከተዘጋጀው ነው፤ ቀን 6 ሰዓት ላይ፣ በሥራ ቀን።

ሁለት መኪና ቆሟል። አንደኛው ያንኑ የእኔን ገልባጭ የሚመስል፣ ጋቢናው ከፍ ያለ ነው። ሦስት ደረጃ ወጥቼ ገባሁ። ወንበሩ ሲቀመጡበት በንፋስ እስስስ ብሎ ይወርዳል። ከላይ ሲታይ ከተማው ያምራል። ዓይንህ ከመሬት ሁለት ሜትር ተኩል አካባቢ ላይ ነው። የሩቁ ሁሉ ይታያል። ንጉሥ ነህ።

ከታች አንድ ፖሊስ ሳይክል ይዞ ቆሟል። ነጭ ሄልሜት፣ ቢጫ አንጸባራቂ ጃኬት። «አሁን እሄዳለሁ፣ ስጠፋብሽ ንገሪኝ» አለና በመኪናው ፊት ዞሮ ወደ ግራ ሄደ። በፊት መስታወቱ አየሁት፤ ጃኬቱን፣ ከዚያ ሄልሜቱን፣ ከዚያ ምንም። በግራው መስኮት አየሁ። ዛፍ። ግንብ። ሰማይ። ለሾፌሩ፣ ከአጠገቤ ለተቀመጠው፣ «ሄደ እንዴ?» አልኩት።

ከበሩ ሥር ተንኳኳ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

እዚያው ነበር። በሩን ተደግፎ። ከመስኮቱ በታች ያለው በር ድፍን ብረት ነው፤ እሱ ሥር ቆመሃል ማለት የለህም ማለት ነው። ሾፌሩ በጣቱ አሳየኝ፤ ከበሩ በላይ ወደ መሬት የምታይ ትንሽ ክብ ስፖኪዮ አለች። እሷ ውስጥ አንድ ነጭ ነገር ነበር። እንቁላል ይመስላል። የፖሊሱ ሄልሜት ነው።

ስፖኪዮዎቹን ቆጠርኩ፤ ስድስት። ሁሉንም ለማየት ሞከርኩ። ከቀኝ ተነስቼ የመጨረሻው ጋ ስደርስ የመጀመሪያው ውስጥ ያለው ነገር ተለውጧል። ይኼ እንግዲህ ቆመን ነው፤ ሞተር ሳይነሳ፣ ዝናብ ሳይኖር፣ መብራት ሳይለወጥ፣ ከኋላ ክላክስ ሳይጮህ። ከዚያ ስድስት ሳይክል በመኪናው ዙሪያ ደረደሩ። «ስንት ይታይሻል?» ሁለት አልኩ። አንደኛዋን ሁለት ጊዜ ቆጥሬያታለሁ። ማለትም አንድ።

ያ ማክሰኞ እኔ የት እንደነበርኩ አሳዩኝ። ከበሩ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲቆም በትልቁ ስፖኪዮ ጠርዝ ላይ ትንሽ ትታያለህ። ወደ ቀኝ ከፈት ሲል ግን ስፖኪዮውም አብሮ ይዞራል፤ ከውስጡ ትወጣለህ። ከዚያ ይታጠፋል። የፊት ጎማው ራቅ ብሎ ይዞራል፣ የኋላው ግን ቆርጦ፣ ጥጉን ጠርጎ ነው የሚመጣው። ጥጉን። ያ እኔ ስይዘው የኖርኩትን ጥግ።

ሾፌሩ ዝምተኛ ሰው ነው። አርባ አምስት ይሆነዋል። ስለ ማክሰኞ ስነግረው አንገቱን ደፋ። «እኔ ሌሊት የምባንነው ለዚህ ነው» አለኝ። «ማን እንዳለ ሳላውቅ አልፌው ቢሆንስ እያልኩ።» ይኼን ሰው ለመጥላት ነበር የሄድኩት። አልቻልኩም። መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ልኮት ግማሽ ቀን ሳይክል ላይ አስቀምጠውት እንደነበርም ነገረኝ፤ እዚህ ለከባድ መኪና ሾፌሮች እንዲህ ያለ ኮርስ አለ። ገልባጭ አጠገቡ ሲያልፍ ንፋሱ ብቻ ሊጥለው ነበር። ተሳሳቅን። ብስኩት አካፈለኝ።

ቲኤፍኤል ያወጣው ቁጥር አለ፦ ከፈረንጆቹ 2015 እስከ 2017 ሎንደን ውስጥ ሳይክል ነጂ ከሞተባቸው ግጭቶች 63 በመቶው ውስጥ ከባድ መኪና አለበት። ከተማው ውስጥ ከሚነዳው ርቀት ግን ከባድ መኪኖች ድርሻቸው 4 በመቶ ብቻ ነበር። ቁጥሩን ቀድሜ አንብቤዋለሁ። የገባኝ ያቺን እንቁላል ካየሁ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የቆመው የቆሻሻ ማንሻ መኪና ነው። ጋቢናው ዝቅ ያለ፣ እንደ አውቶብስ አንድ እርምጃ ብቻ ወጥተህ የምትገባበት። የግራው በር እስከ ታች መስታወት ነው። ፖሊሱ እንደገና ዞሮ እዚያው ቦታ ቆመ። የጫማውን ማሰሪያ አየሁ። አንደኛው ተፈትቶ ነበር፤ ነገርኩት።

አንድ መንገድ፣ አንድ ከተማ፣ አንድ ክብደት የሚጭኑ ሁለት መኪናዎች። በአንዱ እንቁላል ነህ፣ በሌላው ጫማህ እንኳ ይታያል። ታዲያ ለምንድን ነው እኔ የምሠለጥነው? ለምን መኪናው አይለወጥም?

ጠየቅኳቸው። መልስ አላቸው፣ እሱም በኮከብ ነው። ሎንደን ውስጥ ከ12 ቶን በላይ የሆነ የጭነት መኪና ሁሉ፣ ሾፌሩ ከወንበሩ ሆኖ ያለ ስፖኪዮ በራሱ ዓይን ምን ያህል እንደሚያይ ተለክቶ ከዜሮ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጠዋል። ያለ ፈቃድ የገባ እስከ 550 ፓውንድ ይቀጣል። በፈረንጆቹ መጋቢት 2021 ሲጀመር ለፈቃዱ አንድ ኮከብ ይበቃ ነበር። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ሦስት ሆኗል። ሦስት የሌለው ካሜራ፣ ጎኑ ላይ ሰው ሲኖር የሚያውቅ ሴንሰር፣ «ጥንቃቄ! ይህ ተሽከርካሪ ወደ ግራ እየታጠፈ ነው» የሚል የሴት ድምፅ አስገጥሞ ይገባል። ያቺን ሴትዮ ሎንደን የኖረ ሁሉ ያውቃታል። ድምፅዋ የኤርፖርት ነው፣ ሥራዋ የረዳት።

እዚህ ላይ ነው ቅሬታዬ። ካሜራ ጥሩ ነው፤ ከምንም ይሻላል። ግን የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ለቲኤፍኤል ያጠናው ጥናት ሾፌር በስፖኪዮ ሲያይ በቀጥታ በዓይኑ ከሚያየው 0.7 ሰከንድ ዘግይቶ ነው ምላሽ የሚሰጠው ይላል። መኪናው በሰዓት 15 ማይል እየሄደ ከሆነ ይኼ 4.7 ሜትር ነው። ሳይክሌን ለካኋት፤ ሁለት ሜትር አትሞላም። መስታወት በር ያለው ጋቢና እያለ፣ ቆሞ እያየሁት፣ አሮጌውን በቢፕ ቢፕ አስጊጦ ማስገባት ለእኔ አልተዋጠልኝም። ደንቡ የተሻለ ነገር እንደሆነ አልክድም። ሦስት ኮከብ እሰጠዋለሁ፤ ራሱ የሚጠይቀውን ያህል።

የዝግጅቱ ጉድለት? ሰዓቱ። በሥራ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ማን ይመጣል? አሥራ ምናምን ሰው ነበርን፤ አብዛኛው የሳይክሉ ዋጋ ከእኔ የሦስት ወር ደመወዝ የሚበልጥ ቢሮ ሠራተኛ ነው። አንድም ምግብ አመላላሽ አልነበረም። ስመጣ ግን የዶሮ ጥብስ ቤት በር ላይ አምስቱን ትዕዛዝ ሲጠብቁ አልፌያቸዋለሁ፤ ሁለቱ ሐበሻ ናቸው። ከተማው ውስጥ ከእነሱ በላይ ከገልባጭ ጋር የሚጋፋ የለም። መኪናዋን እዚያ ዶሮ ቤት በር ላይ ማቆም ነበር። ሻዩ ደግሞ፣ ያልኳችሁ፣ ውኃው አልፈላም።

አሁን የማደርገው ይኼን ነው፤ ከተነገረኝ የያዝኩት። ከባድ መኪና መብራት ላይ ቆሞ ካገኘሁ፣ ቀለም ተቀብቶም ቢሆን በግራው አልገባም። ከኋላው እቆማለሁ፤ የሾፌሩ ፊት በስፖኪዮው የሚታየኝ ቦታ ላይ። ፊቱ ካልታየኝ እኔም አልታየውም። ቀድሜ ከደረስኩና እሱ ከኋላዬ ከመጣ፣ አፍንጫው ሥር አልቆምም፤ ወደ ፊት ራቅ ብዬ፣ ዞሬ ዓይኑን አያለሁ። አንዳንዱ እጁን ያነሳልኛል። ከኋላዬ ያሉ ሳይክሎች ደወል ይደውሉብኛል፣ እያጉረመረሙ በዚያው ክፍተት ይገባሉ። አንድ ቀን አንዷን ልጅ በቦርሳዋ ይዤ አስቀርቻታለሁ። ተቆጣች። ደግ አደረገች፣ እኔም እቆጣ ነበር።

የዝግጅቱ ዕለት ማታ ለወንድሜ ደወልኩለት። ታናሼ ነው፤ አዲስ አበባ ሲኖትራክ ይነዳል፣ አሸዋና ድንጋይ ያመላልሳል። ስለ እንቁላሉ፣ ስለ ስድስቱ ሳይክል አወራሁት።

«እታለም» አለኝ፣ «ይኼን ለማወቅ ሎንደን ድረስ መሄድ ነበረብሽ?»

«እና እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?»

«ረዳት አለን። ልጁ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ‹ና፣ ና፣ ቁም!› ካላለኝ ወደ ቀኝ አልታጠፍም።»

«ረዳት ያልመጣ ቀንስ?»

ዝም አለ። ከዚያ ስለ ሳይክል ነጂ ልጆች አወራኝ፤ ዳገት ላይ የመኪናውን የኋላ ብረት በአንድ እጃቸው ይዘው በሳይክል ስለሚጎተቱት። እሱ የሚያውቀው ሌላ ሰው ሲጮህለት ነው። በኮሪደር ልማቱ ለሳይክል የተለየ መንገድ እየተሠራ ነው፣ እሱ ባለበት እፎይ እላለሁ አለኝ፤ ግን መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ አለ፣ ሳይክሉ ከዚያ ወዲያ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖን «ቀይ ሽብር» ሲሉ ደስ አይለውም። ስድብ ይመስለዋል። እኔም ሰው ስም የሚያወጣው ከመሬት ተነስቶ አይደለም ልለው ነበር፣ ተውኩት።

«ያቺ ከበሩ በላይ ያለችው ክብ ስፖኪዮ» አለኝ ሊዘጋ ሲል። «ወደ መሬት የምታየዋ። ስንት ናት?»

25 ፓውንድ ናት። ገዛሁለት። ለቀኝ በር የምትሆን፣ ከነብሎኗ። አሁን አልጋዬ ሥር በካርቶን ተቀምጣለች፤ አንድ ኪሎ አትሞላም፣ እንዳትሰበር በሁለት ሹራብ ጠቅልያታለሁ። በዚህ ክረምት ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ካላችሁና ሻንጣችሁ ውስጥ ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ካለ፣ ጻፉልኝ። ሂትሮው ድረስ አመጣለሁ። ቦሌ ወንድሜ ይጠብቃችኋል።